የታላቃችን መኪና ትቀዝቅዝ ወይስ እንደሞቀች ትኑር

ይህን የምናገረው እኔ የቤተሰባችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ፤ እስክሪብቶውን የያዘችው ባለቤቴ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ግንበኛ ነበርኩ፤ በዚህ ከተማ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ያየ ሰው የእኔን እጅ አይቷል፤ የተንጋደደውን የሠራው ሌላ ነው።

ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩትም መጻፍ ስለማልችል ነው። ከእኔ በፊት ሰብሳቢው ራሱና የሟች እህታችን ልጅ በየተራ ጸሐፊ ነበሩ። ሁለቱም የተማሩ ስለሆኑ የራሳቸውን ንግግር አሳምረው፣ የሌላውን ቆርጠው ጻፉ። ስለዚህ ከእንግዲህ የኮሚቴው ጸሐፊ መጻፍ የማይችል ሰው ብቻ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ መስፈርቱን ያሟላሁት እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። ሥራው አላቃተኝም። የሰማሁትን አልረሳም፤ ለሰውም ብዬ አላሳምርም።

ቀን፦ ቅዳሜ።

ሰዓት፦ ለስድስት ሰዓት ተጠርተን ሰባት ሰዓት ላይ ተጀመረ፤ ሰብሳቢው ከረባቱን ሲያስር ቆይቶ ነው።

ቦታ፦ የሰብሳቢው ሳሎን። በኋላ ተቀይሯል፤ ስንደርስበት ይነገራል።

የተገኙ፦

ሰብሳቢ፣ ታናሽ ወንድሜ። ከቢሮ ኃላፊነት ጡረታ ወጥቷል፤ ቢሮው ግን ከእሱ አልወጣም። ለኮሚቴው ማኅተም አስቀርጿል።

አባል፣ እህታችን ባለሱቋ። በዓለም ላይ የምትፈራው ነፋስን ብቻ ነው።

አባል፣ የሟች እህታችን ልጅ። የማያውቀውን ነገር ሁሉ ስልኩ ላይ አይቶ ስለሚያውቅ "ቪዲዮ" እንለዋለን፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል።

አባልና ጸሐፊ፣ እኔ።

በእንግድነት፣ ያለ ድምፅ፦ የመኪና ኤሲ ሠራተኛ። ከሌላ ከተማ ያስመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሲመሽ ይመለሳል። ወጪውም የእኔ ስለሆነ ጉባኤውን አይመለከትም።

እስክሪብቶ ይዛ፣ ያለ ድምፅ፦ ባለቤቴ። በደም ወራሽ አይደለችም።

ያልተገኘ፦ ታላቃችን፣ የመኪናዋ ባለቤት የነበረው ወንድማችን። ሞቷል። ሰብሳቢው "በመንፈስ ከእኛ ጋር አለ" ተብሎ ይጻፍ ብሏል፤ ተጽፏል።

ምልአተ ጉባኤ ተሟልቷል። አራታችንም ካልተገኘን ስብሰባ የለም፤ ታላቃችን መኪናውን የተወልን ለአራታችን እኩል ነውና። በሞተ ሰሞን ተቀምጠን የወሰንነው የመጀመሪያ ውሳኔ "መኪናዋ ሟች እንደተዋት ትኖራለች፤ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ የሞተሯን ኮፈን ማንም አይከፍትም" የሚል ነው። ቁልፉ ሰብሳቢው ዘንድ ነው። ዛሬም እጅ እግሬን አስሮ እዚህ ያስቀመጠኝ ይኸው ውሳኔ ነው።

አጀንዳ አንድ፦ የመኪናዋ ኤሲ ይጠገን ወይ።

ጉዳዩን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ የልብ ሕመም አለባት። በየወሩ ቆላውን አቋርጣ ትልቁ ሆስፒታል መታየት አለባት። መንገዱ አቧራ ስለሆነ መስኮት አይከፈትም፤ አቧራ ባይኖርም እህታችን የሱቅ ዕቃ ልታመጣ አብራን ስለምትሄድ አይከፈትም። ባለፈው ጉዞ ባለቤቴ መንገድ ላይ ራሷን ስታ ትከሻዬ ላይ ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ይህች መኪና ካልቀዘቀዘች አልገባባትም ብላለች፤ የእሷን አልገባም እኔ አውቀዋለሁ። ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው። ሐኪሙ ይህን ቀጠሮ እንዳታሳልፊ ብሎ ሁለቴ ነግሯታል።

እዚህ ላይ እስክሪብቶ የያዘችው "ይሄ ለምን ይጻፋል" ብላ ቆመች። ይጻፋል አልኳት።

ሰብሳቢው ጸሐፊው ስሜታዊ ከመሆን እንዲቆጠብ አሳሰበ። ስሜታዊ እንዳልሆንኩ መለስኩ፤ ጎረቤትም ሰምቷል።

እህታችን ታላቃችን በዚያች መኪና ዕድሜ ልኩን ሲሄድ ሙቀት ገደለው የሚል ሰው እንዳልነበረ፣ ብርድ ግን ብዙ ሰው እንደገደለ አስረዳች። ታላቃችን በደህና ጊዜው ኤሲውን ይከፍት እንደነበር፣ ጋዙ አልቆ ነው የተወው ብዬ አስታወስኩ። እሷም ለዚህ ነዋ ያኔ ሁልጊዜ ጉንፋን የማያጣው አለች።

ሰብሳቢው ለምን በአውቶቡስ አትሄድም ሲል ጠየቀ። አውቶቡሱ ሦስት ቦታ እንደሚያስወርድ፣ እሷም ቆማ መጠበቅ እንደማትችል ተናገርኩ። ሰብሳቢው ይህ የትራንስፖርት ጉዳይ ስለሆነ ኮሚቴውን አይመለከትም አለ። ያነሳው ግን እሱ ነው፤ ይመዝገብልኝ።

ቪዲዮ በበኩሉ ጥገና እንደማያስፈልግ፣ በረዶ በሳፋ ሞልቶ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጦ ከኋላው ፋን መደቀን ብቻ እንደሚበቃ፣ ይህንንም አንድ ሰው ሲያደርግ በዓይኑ ማየቱን ገለጸ። ሳፋው ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ተጠየቀ። ቪዲዮው ላይ ያለው መኪና ቆሞ ነበር ብሎ መለሰ።

ከረዥም ውይይት በኋላ ኤሲው በመርህ ደረጃ እንዲጠገን፣ በተግባር ግን እንዲጠና ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ የሚገባው ጋዝ ማንነት።

ኤሲ ሠራተኛው እንዲያስረዳ ዕድል ተሰጠው። ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል አለ። የድሮው ዓይነት ጋዝ ግን ሰማይን ስለሚጎዳ መመረቱ ቀርቷል፤ አሁን የሚሞላው አዲሱ ዓይነት ነው። አዲሱ ደግሞ ከድሮው ዘይት ጋር አይስማማም። ስለዚህ የድሮው ዘይት ታጥቦ ይወጣል፣ የየመገጣጠሚያው የላስቲክ ጎሚኒና እርጥበት የሚመጠው ማድረቂያ ይቀየራሉ፣ የመሙያው አፍ ይለወጣል፣ በውስጡ ያለው አየር በፓምፕ ይመጠጣል፣ በመጨረሻ ጋዙ ይገባል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ሰዓቱን አየ።

እህታችን ከእኛ መኪና የሾለከ ጋዝ ኋላ ወንበር ሳይደርስ ሰማይ እንዴት ሊደርስ እንደቻለ ጠየቀች። ሠራተኛው እንደገና ሰዓቱን አየ።

ቪዲዮ ጋዙ ሲሞላ እስከ አፉ ይሞላ፣ ብዙ በገባ ቁጥር ብዙ ይበርዳል አለ። ሠራተኛው አዲሱ ከድሮው ልክ አንሶ ነው የሚገባው፣ ካበዛኸው አይበርድም፣ ኮምፕረሰሩንም ትገድለዋለህ አለው። ቪዲዮ ስልኩን ለማውጣት ኪሱን ዳበሰ፤ ሰብሳቢው ስልክ አይቻልም አለ።

ከዚያ ሰብሳቢው ለሃያ ዓመት ሳይደክመው እንደሚናገር ሰው ቆመ። መኪናዋ ሟች እንደተዋት ትኖራለች ተብሎ ተወስኗል፤ ዘይቷ ወጥቶ፣ ጎሚኒዋ ተቀይሮ፣ የማናውቀው ጋዝ ከገባባት ይህች የማን መኪና ናት፣ የታላቃችን ናት ወይስ የዚህ ሰውዬ ሲል ጠየቀ። ሠራተኛው እኔ የራሴ አለኝ ብሎ መለሰ። እኔም ታላቃችን ከሞተ ወዲህ ጎማዋ ሁለቴ መቀየሩን፣ ጎማ ከተቀየረ ጋዝ የማይቀየርበት ምክንያት እንደማይታየኝ ተናገርኩ። ሰብሳቢው ጎማ ውጫዊ ነው፣ ጋዝ ውስጣዊ ነው አለ። በዚህ ላይ ብዙ ተባለ። ባለቤቴ እጄን ደከመኝ ስላለች ብዙውን ትቼዋለሁ።

ከረዥም ውይይት በኋላ አዲሱ ጋዝ እንዲገባ፣ ነገር ግን "አዲስ" ተብሎ እንዳይጠራ፣ የሚወጣው ዘይትም በጠርሙስ ተሞልቶ ሰብሳቢው ቤት ከታላቃችን ፎቶግራፍ ሥር እንዲቀመጥ ተወሰነ። ሠራተኛው ያ ዘይት ይሸታል ብሎ አስጠነቀቀ። ከነሽታው እንዲቀመጥ በሦስት ድምፅ ጸደቀ።

ሠራተኛው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ፋዘር፣ ልጀምር ወይስ ልሂድ?" አለኝ። ቆይ አልኩት።

አጀንዳ ሦስት፦ የቅዝቃዜው አከፋፈል።

ይህ አጀንዳ አልነበረም፤ ሰብሳቢው እዚያው አስገባው። ዳሽቦርዱ ላይ አራት የአየር ማውጫዎች እንዳሉ፣ ወራሾችም አራት መሆናቸውን፣ ይህም ታላቃችን አርቆ አሳቢ እንደነበር እንደሚያሳይ ገለጸ። መኪናዋን ታላቃችን ሳይሆን ፋብሪካ ነው የሠራት ብዬ ተቃወምኩ። ተቃውሞዬ ተመዘገበ፤ የመዘገብኩት እኔ ነኝ።

በዚህ መሠረት ለያንዳንዱ ወራሽ አንድ የአየር ማውጫ ደረሰው። ከዚያ ነገር መጣ። ሰብሳቢው እሱ መኪናው ውስጥ በማይኖርበት ጊዜ ሌላ ሰው በድርሻው እንዳይቀዘቅዝ የእሱ ማውጫ እንዲታሸግ ጠየቀ። እህታችን የእሷ ማውጫ እሷ ኖረችም አልኖረችም ለዘለዓለም በጨርቅ እንዲጠቀጠቅ ጠየቀች። ሠራተኛው አንዱ ሲዘጋ ነፋሱ በሌላው በርትቶ እንደሚወጣ ሲናገር፣ እህታችን ይሄ ሰውዬ ከማን ጋር ነው የቆመው አለች። ቪዲዮ ድርሻውን ለሚፈልግ ሰው ለማከራየት ፈቃድ ጠየቀ።

እኔ ድርሻዬን ለባለቤቴ ሰጠሁ፤ ማውጫው ወደ ኋላ ወንበር ይዙርላት አልኩ። ሰብሳቢው የቤተሰብ ድርሻ ከደም ውጭ እንደማይተላለፍ፣ ባለቤቴን እጅግ እንደሚያከብራት፣ ነገር ግን አንዴ በር ከተከፈተ ነገ አማችም ምራትም ቅዝቃዜ ሊጠይቅ እንደሚችል አስረዳ። እህታችን ራሷን ነቀነቀች። ቪዲዮ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ባለቤቴ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"እኔ ቅዝቃዜ ልውረስ አላልኩም" አለች። "ሐኪሙ ጋ በሕይወት ልድረስ ነው ያልኩት። እትዬ፣ ባለፈው ስወድቅ አጠገቤ ነበሩ።"

እህታችን ሻርፗን አስተካከለች። ሰብሳቢው ተናጋሪዋ ድምፅ ስለሌላት ይህ በቃለ ጉባኤው እንዳይሰፍር አዘዘ። እስክሪብቶውን አንስቼ እጇ ላይ አደረግኩትና አስጻፍኳት። ይኸው ሰፍሯል።

ከረዥም ውይይት በኋላ ማውጫዎቹ እንደ ውርሱ እንዲከፋፈሉ፣ የእኔም ድርሻ ከእኔ ፊት ለፊት እንጂ ወደ ሌላ ሰው እንዳይዞር በሦስት ድምፅ ተወሰነ። አንድ ተቃውሞ አለ፤ የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

አጀንዳ አራት፦ የመስክ ጉብኝት።

እህታችን ሙቀቱ ተጋኗል፤ ባለፈው እኔም ውስጧ ነበርኩ፣ ይኸው አለሁ አለች። ሰብሳቢው ባልተጣራ ነገር ላይ መወሰን የአሠራር ጉድለት ስለሆነ ኮሚቴው መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሙቀቱን በአካል እንዲያረጋግጥ ሐሳብ አቀረበ። በሕይወቴ ከወንድሜ አፍ እንዲህ ያለ ጥሩ ሐሳብ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ቀድሜ እጄን አወጣሁ።

መኪናዋ ከጠዋት ጀምሮ ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ ቆማለች። ሰብሳቢው ቁልፉን ሰክቶ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ እህታችን ከጎኑ፣ እኔና ቪዲዮ ከኋላ። እህታችን በሩ በደንብ መዘጋቱን፣ መስኮቶቹም እስከ ላይ መድረሳቸውን አጣራች። ባለቤቴ ውጭ ጥላው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ በመስታወቱ እየጮህኩ ነው የነገርኳት። ሠራተኛው ከእሷ አጠገብ ብርቱካን ይልጣል።

መጀመሪያ ሰብሳቢው ሙቀቱ መጠነኛ ነው ብሎ ይመዝገብ አለ። ተመዘገበ። ቀጥሎ ከረባቱን አላላ። ቀጥሎ ፈታው። ቪዲዮ ስልኩ ራሱን እንዳጠፋ አስታወቀ። እህታችን ግንባሯን በሻርፗ ጫፍ ስትጠርግ ከኋላ አየኋት።

ቪዲዮ ልውረድ አለ። ማንም አባል ሰብሳቢው ስብሰባውን ሳይዘጋ ከወጣ ድርሻውን እንደለቀቀ ይቆጠራል የሚል ደንብ መኖሩን አስታወስኩት። ደንቡን ያወጣው ሰብሳቢው ነው፤ ቪዲዮ በየስብሰባው መሐል ሾልኮ እየጠፋ ስላስቸገረ ነው። ሰብሳቢው ስብሰባውን ልዝጋ አለ። በተያዘ አጀንዳ ላይ አራቱም ሳይስማሙ ስብሰባ እንደማይዘጋ አስታወስኩት። ይህንንም ያወጣው እሱ ነው። እኔ አልተስማማሁም።

እህታችን መስኮቱ ጣት ታህል ይከፈት የሚል ሐሳብ አቀረበች። ይህን ቃል ከእህቴ አፍ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም። መስኮት በአጀንዳው ውስጥ እንደሌለ ተናገርኩ።

"ጋሼ፣ አንተ አይሞቅህም?" አለኝ ሰብሳቢው፤ ፊቱ የበሰለ ቲማቲም መስሏል።

ዕድሜዬን በሙሉ ፀሐይ ላይ ድንጋይ ስደረድር የኖርኩ ሰው መሆኔን፣ እስኪመሽም መቀመጥ እንደምችል ገለጽኩ። በእውነቱ እኔም ላቤ እግሬ ድረስ ወርዷል፤ ዓይኔም ብዥ ብሎ ነበር፤ ይህን ግን አልተናገርኩም።

እህታችን ወደ ኋላ ዞረች። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ በመስታወቱ ባለቤቴን አየቻት።

"እዚህ ቦታ ነው የተቀመጠችው" አለች፤ የተቀመጥኩበትን እያሳየች። "መስኮት ክፈቱልኝ ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት።"

ከዚያ እህታችን ይጠገን አለች፤ ጋዙም ዘይቱም ይቀየር፣ ማውጫው ሁሉ ወደ እሷ ይዙር፣ ብቻ ይሄን በር ክፈቱልኝ አለች። ቪዲዮ ደገፈ። ሰብሳቢው መናገር ስላቃተው በእጁ ደገፈ።

ከአጭር ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ስብሰባው ለዕረፍት ተቋረጠ። ሦስቱ አባላት እንዴት እንደወረዱ ለክብራቸው ስል አልጽፍም።

አጀንዳ አምስት፦ ልዩ ልዩ።

ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ ራሳችን ላይ ውኃ አፍስሰን፣ ሰብሳቢው ከረባቱን እንደገና አሰረ። ከረባቱ ሲመለስ እሱም ተመለሰ። መኪናው ውስጥ የተላለፈው ውሳኔ በሙቀት አስገዳጅነት የተላለፈ ስለሆነ ተቀባይነት የለውም አለ። ከዚያ በፊት ሳሎን ውስጥ የተወሰኑትም ለዚህ ችግር ስለዳረጉን አብረው ይውደቁ አለ። ቪዲዮ መጨረሻ የተናገረውን ስለሚደግፍ ደገፈ። እህታችን መሬት መሬቱን እያየች ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች።

ሠራተኛው የመሣሪያ ሣጥኑን ዘግቶ ተነሣ። ባለቤቴ እስክሪብቶውን እንደያዘች እኔን አላየችኝም። ያኔ ነው የከፋኝ።

የቱ ውሳኔ እንደሚሻር ለይቶ እንዲነግረኝ ሰብሳቢውን ጠየቅኩት፤ እኔ ማንበብ የማልችል ሰው ነኝና በቃሌ እንድይዘው።

"ስለዚህች መኪና እስከ ዛሬ የተወሰነው በሙሉ" አለ።

በሙሉ?

"በሙሉ ስልህ፣ ጋሼ። ጻፊው አንቺ።"

ጻፈችው። እኔም ደገፍኩ፤ ሲገርመው አየሁት። ሰብሳቢው ፈረመ፣ ማኅተሙን እፍ እፍ ብሎ መታ፤ እኔ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። ስለዚህች መኪና እስከ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ይህ የመጨረሻው ውሳኔ ነው።

ማኅተሙ ሳይደርቅ፣ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ኮፈኑን ማንም አይክፈት የሚለው ውሳኔ ስለየትኛዋ መኪና እንደነበር ጠየቅኩ። ሰብሳቢው አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቻለሁ አለ። እኔ አልመጣም አልኩት፤ አራት ካልሆናችሁ ደግሞ ስብሰባ የላችሁም።

የመጀመሪያውም ውሳኔ አብሮ መሻሩ ለሠራተኛው ገብቶት ነበር። መኪናዋ በሯ እንደተከፈተ ነው፤ ቁልፉም ሰብሳቢው ሲሸሽ እንደተወው እዚያው ተሰክቷል። ኮፈኑ ሲከፈት ከሦስቱ አንድም ሰው አልተነሣም። ቪዲዮ ብቻ ቆይቶ ባትሪ ላብራልህ ብሎ ሄደ፤ ሠራተኛው ፀሐይ አለ አለው።

ጉባኤው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተዘግቷል።

ከዚህ በታች ያለው ከጉባኤ በኋላ የሆነ ነው፤ ግን ይጻፍ። ሠራተኛው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሠራ። ፓምፑ አየሩን መጥጦ ሲጨርስ ቆም ብሎ ጠበቀ፤ የሚያሾልክ ነገር የለም አለ። ጋዙን እየለካ አስገባ። ሞተሩን አስነሥቶ ማውጫዎቹን ሁሉ ወደ ኋላ ወንበር አዞረና፣ "ማዘር፣ ይምጡ" አላት። ባለቤቴ ብቻዋን ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ አልተከተልኳትም። ቆየች። እህታችን በመስታወቱ እያየች፣ ማክሰኞ እኔም ዕቃ አመጣለሁ፣ ሹራብ ደርቤ እመጣለሁ አለችኝ። ሰብሳቢው ጠርሙስ ይዞ ዘይቱን ሊጠይቅ ሲመጣ አየሁት፤ ሠራተኛውም ሰጠው።

ባለቤቴ ወርዳ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። እጇን ክንዴ ላይ አደረገችው፤ ቀዝቅዟል።

ምን ተብሎ ይጻፍ አልኳት።

"ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይወጣ እንነሣ ተብሎ ይጻፍ" አለች።

ተጽፏል። በይ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። ከደከመሽ ግማሹ ለነገ ይደር።